ፕሮጀክተሩ ላይ የግል መልእክት እንዳይወጣ፦ ስላይድ ለሚያቀርቡ ሰዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ሀዋሳ ስብሰባ የማይጠፋባት ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ የሩብ ዓመት ግምገማ፣ በሌላው ሥልጠና ሲካሄድ ይውላል፤ የምረቃ ወቅት ሲቃረብ ደግሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመምህራን ፊት ለማቅረብ ላፕቶፕ ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሚቀመጠው ፕሮጀክተር የማይለወጥ አንድ ጠባይ አለው፤ ላፕቶፑ ላይ የታየውን ሁሉ፣ ለማን እንደተላከ ሳይጠይቅ፣ የግድግዳ ያህል አሳድጎ ያሳያል።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ማዘጋጀትና ፕሮጀክተር ማገናኘት በእኔ ላይ የወደቀ ሥራ በመሆኑ በዚህ ረገድ ብዙ አይቻለሁ። ከሁሉ የማይረሳኝ በአንድ የግዥ ዕቅድ ገለጻ ላይ የደረሰው ነው። አቅራቢዋ የሥራ ባልደረባችን የእጅ ስልኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታው ኖሮ፣ ስለ ሦስተኛው ሩብ ዓመት የበጀት አጠቃቀም በማስረዳት ላይ እያለች፣ ደመወዝ መግባቱንና በሒሳቧ ያለውን ቀሪ ገንዘብ የሚገልጸው የባንክ አጭር መልእክት ከስላይዱ ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ ብቅ አለ። ቆይታው አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ አምስት ሰከንድ ግን ለአንድ አዳራሽ ሰው አንብቦ ለመሣቅ ይበቃል። ላፕቶፑን ያገናኘሁት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱን የራሴ አድርጌ ቆጠርኩት፤ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር ነው ከዚህ በታች የማስቀምጠው። የአብዛኞቻችን ላፕቶፕ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ የማዘዣዎቹን ስም እንደሚነበቡት በራሳችን ፊደል ጽፌአቸዋለሁ።

በበሩ የሚገባውና በአጥር የሚዘለው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ማብሪያ ካጠፋ በኋላ ሁሉም ነገር የተዘጋ ስለሚመስለው ነው። ላፕቶፕ ላይ ብቅ የሚሉ መልእክቶች ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይመጡም። የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ አስረክቧቸው ዊንዶውስ ራሱ የሚያሳያቸው ናቸው፤ የኢሜይል፣ የድረ ገጽና ከስልክ የሚተላለፉ ማሳወቂያዎች በአብዛኛው የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ሳያስረክብ በራሱ መስኮት የሚያወጣቸው ሲሆኑ፣ የአንዳንድ አንቲቫይረሶች ማስጠንቀቂያ፣ የፕሪንተር መልእክትና «አዲሱን ስሪት ልጫንልዎት?» የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛዎቹ ከራሱ ከኮምፒውተሩ የሚነሡ ናቸው፤ ባትሪ አለቀ፣ ፍላሽ ተሰካ፣ ቁልፍ ተደጋግሞ ተነካ የሚሉት ዓይነት።

ነገሩን የግቢ ዘበኛ ምሳሌ ያስረዳዋል። ዘበኛው «ዛሬ እንግዳ አይገባም» ቢባል በበሩ የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል፤ በአጥር የሚዘለውን ግን አያየውም። ዊንዶውስ ከቪስታ ስሪት ጀምሮ ማንኛውም ፕሮግራም «ተጠቃሚው አሁን ገለጻ ላይ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበትን መንገድ አዘጋጅቷል፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ፕሮግራም መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል፣ ሌላው ሳይጠይቅ ይወጣል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፤ በሩን መዝጋትና አጥር የሚዘሉትን አንድ በአንድ አስቀድሞ ማስወጣት።

ደረጃ 1፦ ገመዱ ከመሰካቱ በፊት በሩን በእጅ ይዝጉ

መጀመሪያ ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉ። ይህን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁሉን ከዘጉ በኋላ ሪስታርት ቢያደርጉ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ የታዘዙት ፕሮግራሞች በሙሉ ተመልሰው ይከፈታሉ፤ ልፋትዎም ከንቱ ይሆናል።

ላፕቶፕዎ ዊንዶውስ 11 ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ እንደያዙ «ኤን»ን ይጫኑ። በስክሪኑ ቀኝ በኩል የማሳወቂያዎች ዝርዝር ይከፈታል፤ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለችውን የደወል ምልክት ሲነኩ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባለው ሥራ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስሪት ወዲህ ስሙ ይህ ነው፤ ከዚያ በፊት «ፎከስ አሲስት» ይባል ነበር። በዚህ ብቻ ግን አይተማመኑ። በ«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ገብተው ቅድሚያ የተሰጣቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመልከቱ፤ እዚያ የሰፈረ ፕሮግራም በሩ ተዘግቶም እንዲያልፍ ፈቃድ አለው። ጥሪና የቀጠሮ ማስታወሻም በዚያው ቦታ የራሳቸው ምልክት ማድረጊያ ስላላቸው ምልክቱን ያንሡባቸው።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ቢቋረጥም እኛ ቢሮ ውስጥ ገና ብዙ ነው፤ የዊንዶውስ ቁልፍና «ኤ» በአንድነት ይጫኑ። «ፎከስ አሲስት» የሚለውን ሣጥን አንድ ጊዜ ሲነኩት «ፕራዮሪቲ ኦንሊ»፣ ሁለተኛ ሲነኩት «አላርምስ ኦንሊ» ይላል። ለገለጻ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ቅድሚያ ያላቸውን ስለሚያሳልፍ ግማሽ በር እንደ መዝጋት ነው።

ዊንዶውስ ይህን በራሱ ጊዜ የሚያደርግበት ደንብም አለው። ስክሪኑ በፕሮጀክተር ሲባዛ ወይም አንድ ፕሮግራም ስክሪኑን በሙሉ ሲይዝ በሩ ራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል፤ ማዘዣው በዊንዶውስ 11 እዚያው የማሳወቂያዎች ገጽ ላይ፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ በ«ፎከስ አሲስት» ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ያብሯቸው፤ ነገር ግን እንደ ዋና ጠባቂ አይቁጠሯቸው። የመጀመሪያው ደንብ የሚሠራው ፕሮጀክተሩ የላፕቶፑን ስክሪን እንዳለ ሲያሳይ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከሆነ ደንቡ ዝም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ኢስኬፕ»ን ተጭነው ከስላይዱ እንደወጡ ያበቃል። ከስላይድ የምንወጣው መቼ ነው? ተሰብሳቢው ጥያቄ ሲጠይቅና «እስቲ ቁጥሩን ኤክሴሉ ላይ አሳየን» ሲል ነው፤ ማለትም አዳራሹ ሙሉ ሆኖ የሁሉም ዓይን ግድግዳው ላይ በተተከለበት ሰዓት። ዊንዶውስ 10 ከዚህም ያልፋል፤ በሩ ሲከፈት እስከዚያ ያመለጡዎትን መልእክቶች ጠቅለል አድርጎ ያሳይዎታል። በ«ፎከስ አሲስት» ገጽ ላይ ያለውን የዚህን ማጠቃለያ ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል። በእጅ የተዘጋ በር ግን በእጅ እስኪከፈት ድረስ እንደተዘጋ ይቆያል፤ በዚህ ምክንያት የእጁን አስቀድማለሁ።

ደረጃ 2፦ ግድግዳው ምን እንደሚያሳይ ይወስኑ

የዊንዶውስ ቁልፍና «ፒ» ሲጫኑ አራት ምርጫዎች ይመጣሉ። ለእኛ ሥራ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው፤ «ዱፕሊኬት» ላፕቶፑና ግድግዳው አንድ ዓይነት ነገር እንዲያሳዩ ያደርጋል፣ «ኤክስቴንድ» ግን ግድግዳውን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ይቆጥረዋል። ዊንዶውስ ማሳወቂያ የሚያወጣው በዋናው ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ «ኤክስቴንድ» ተመርጦ ላፕቶፑ ዋና ስክሪን ከሆነ፣ በሩን አልፎ የመጣ መልእክት ቢኖር እንኳ የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱን ከሰኩ በኋላ «ኤክስቴንድ»ን ይምረጡ፤ ወደ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ» ገብተው የላፕቶፑን ስክሪን የሚወክለውን ቁጥር ይንኩ፤ ከዚያም ዋና ስክሪን እንዲሆን የሚያዘው ምልክት እዚያ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ምልክቱ በስሕተት የፕሮጀክተሩ ላይ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ መልእክቱ ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ እርስዎ ደግሞ ላፕቶፑን እያዩ ሁሉም ሰላም ነው ይላሉ። ቀጥሎ ፓወርፖይንትን ከፍተው «ስላይድ ሾው» በሚለው ክፍል ውስጥ «ፕረዘንተር ቪው» ላይ ምልክት ያድርጉና «ኤፍ 5»ን ይጫኑ። ግድግዳው ላይ ስላይዱ ብቻ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ማስታወሻዎ፣ ቀጣዩ ስላይድና ሰዓቱ ይታያሉ።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ሰው ይስማማል ብዬ አልከራከርም። ከአቅራቢዎች መካከል ግድግዳውን እያዩ ማውሱን ማንቀሳቀስ የለመዱ፣ ፋይል ከፍተው «የት ገባ?» ብለው የሚደናገጡ አሉ፤ ማውሱ ወደ ግድግዳው ተሻግሮ ሲጠፋባቸው ከገለጻው ይልቅ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል። ለእነሱ «ዱፕሊኬት» ይሻላል፤ በሩ በእጅ በደንብ እስከተዘጋ ድረስ ብዙም አያሳስብም። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፤ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክተር መጨረሻ የተጠቀሙበትን ምርጫ ለይቶ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ «ኤክስቴንድ» አድርገው የተለማመዱበት ላፕቶፕ ሆቴሉ ደርሶ በሌላ ፕሮጀክተር ላይ ሲሰካ «ዱፕሊኬት» ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ቴሌግራም፣ የድረ ገጽ ማሳወቂያና ስልኩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በእኛ አካባቢ ከሚወጡት መልእክቶች መካከል ብዙዎቹ የሚመጡት ከቴሌግራም ነውና። የመሥሪያ ቤቱ ቡድን፣ የእድሩ፣ የተማሪ ወላጆች፣ የዘመድ አዝማዱ ቡድን ሁሉ እዚያ አለ፤ ማንኛቸውም ቢሆኑ የእርስዎን የገለጻ ሰዓት አያውቁም።

የቴሌግራምን መስኮት በላይኛው ጥግ ባለችው መዝጊያ መዝጋት ፕሮግራሙን አያቆመውም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትናንሽ ምልክቶች መካከል ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል። ምልክቱ ካልታየዎት ወደ ላይ የምታመለክተውን ትንሽ ቀስት ይንኩ፤ የቴሌግራምን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ክዊት ቴሌግራም» የሚለውን ይምረጡ። ፕሮግራሙ በእውነት የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።

ሥራዎ ቴሌግራምን መዝጋት የማይፈቅድልዎ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሌላ ባልደረባ በመካከሉ ፋይል የሚልክልዎ ከሆነ፣ በቴሌግራሙ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ» ገብተው ዴስክቶፕ ላይ የሚወጣውን ማሳወቂያ ያጥፉት። እዚያው ገጽ ላይ ማሳወቂያው የላኪውን ስምና የመልእክቱን ጽሑፍ ያሳይ ወይስ አያሳይ የሚሉ ምርጫዎችም አሉ፤ እነዚህን ሁልጊዜም ቢሆን አጥፍቶ መኖር ጥሩ ነው እላለሁ፤ ቢያመልጥ እንኳ «አዲስ መልእክት አለ» ከማለት አልፎ ገመና አያወጣም። በዊንዶውስ ማሳወቂያ ይጠቀም የሚለው ማብሪያም እዚያው ይገኛል፤ ይህ ሲበራ የቴሌግራም መልእክት በዘበኛው በር የሚያልፍ ይሆናል፣ ሲጠፋ ግን ቴሌግራም የራሱን ትንሽ መስኮት ያወጣል። ድምፁንም አይርሱ፤ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኘ ላፕቶፕ ድምፁን ወደ ፕሮጀክተሩ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር ከተያያዘ የመልእክቱ ደወል አዳራሹን ይሞላዋል።

ወደ ድረ ገጾቹ ስንመጣ፣ ክሮም ወይም ኤጅ ሲጠቀሙ «ይህ ገጽ ማሳወቂያ እንዲልክልዎ ይፈቅዳሉ?» ሲባሉ ሳያነቡ «አላው» ብለው ያለፉባቸው ገጾች ሁሉ ፈቃዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ፣ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል የሐሰት ማስፈራሪያ፣ ለአዳራሽ የማይመች ፎቶግራፍ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በክሮም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ይግቡ፤ ፈቃድ ያገኙትን ገጾች ዝርዝር ያገኙታል። የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ። በተጨማሪም በ«ሲስተም» ክፍል ውስጥ ክሮም ከተዘጋ በኋላም ከበስተጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅድ ማብሪያ አለ፤ ይህ በርቶ ከሆነ ክሮምን ዘጋሁት ማለት ዋጋ የለውም።

ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው «ፎን ሊንክ» ነው ያን ዕለት ጉድ የሠራን። ብሉቱዝ ማጥፋት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ግንኙነቱ በኢንተርኔትም ይሠራልና። የተሻለው መንገድ በዊንዶውስ የማሳወቂያዎች ገጽ ላይ ወደ ታች ወርደው ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ «ፎን ሊንክ»ን ፈልገው ማብሪያውን ማጥፋት ነው። የባንክ መልእክት፣ የማረጋገጫ ቁጥርና የቤተሰብ መልእክት በስልክ የሚደርሰው ሰው ይህን አጥፍቶ ቢተወው እመክራለሁ፤ በቢሮ ላፕቶፕ ላይ ከሚሰጠው ጥቅም ጉዳቱ ይበዛል።

ደረጃ 4፦ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ ይቻላል ወይ?

ስላይድዎ በላፕቶፑ ውስጥ ያለ ፋይል ከሆነና በመካከሉ ከኢንተርኔት የሚከፈት ቪዲዮ ከሌለው፣ «ኤርፕሌን ሞድ»ን ማብራት ከሁሉም አጭሩ መንገድ ነው፤ መልእክቱን ከምንጩ ያደርቀዋል። ከማብራትዎ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ያጣሩ። ፕሮጀክተሩ ያለ ገመድ የተገናኘ ከሆነ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስላይድ የሚቀይሩበት ሪሞት በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የራሱ ትንሽ መሰኪያ ያለው፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ዓይነት ግን አይነካም። ፋይሉም በደመና ማከማቻ ላይ ያለ ከሆነ ወደ ላፕቶፑ ወርዶ መከፈቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ኢንተርኔቱን ሲመልሱት ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ እንደ ክረምት ጎርፍ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ ገመዱ ከላፕቶፑ ሳይነቀል ኢንተርኔቱን አይመልሱ።

ደረጃ 5፦ አጥር የሚዘሉት

እነዚህ በ«ዱ ኖት ዲስተርብ» የማይታገዱ ስለሆኑ አንድ በአንድ መያዝ አለባቸው።

የቆየው አውትሉክ የቀጠሮ ማስታወሻውን በራሱ መስኮት ነው የሚያወጣው፤ የሚያስቀው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ያንኑ እየተካሄደ ያለውን ስብሰባ መሆኑ ነው። በ«ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ማስታወሻ እንዲያሳይ የሚያዘውን ምልክት ለጊዜው ያንሡት፤ ወይም አውትሉክን ጨርሶ ይዝጉት።

ብዙ አንቲቫይረሶች ለጨዋታ ወይም ለገለጻ ጊዜ የሚሆን ዝምታ አላቸው። ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን ምልክቱን በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ያገኙታል። አንቲቫይረሱን ራሱን ማጥፋት ግን አይገባም፤ በተለይ የተለያየ ሰው ፍላሽ በሚሰካበት ላፕቶፕ ላይ።

የዊንዶውስ ማሻሻያ «ሪስታርት ያድርጉ» እንዳይልዎ በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ ለአንድ ሳምንት ያቁሙት። የሥራ ሰዓትዎንም በዚያው መወሰን ይቻላል፤ እስከ 18 ሰዓት የሚደርስ ጊዜ ቢመድቡ በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ኮምፒውተሩ ለማሻሻያ ብሎ በራሱ አይነሣም።

ፍላሽ ሲሰካ «ምን ላድርግበት?» የሚለው ጥያቄ የሚጠፋው ከ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አውቶፕሌይ»ን በማጥፋት ነው። በአዳራሽ ውስጥ ይህ የሚያጋጥመው ቀጣዩ አቅራቢ «የእኔንም እዚህ ላይ ገልብጥልኝ» ብሎ በመካከል ፍላሹን ሲያቀብል ነው። የሁሉንም ፋይል ጠዋት ሰብስቦ አንድ ፎልደር ውስጥ ማስገባት ከማንኛውም ማጥፊያ የበለጠ ይጠቅማል።

የ«ሺፍት» ቁልፍ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ከተነካ «ስቲኪ ኪይስ» የሚባል ጥያቄ ይመጣል፤ የቀኙ «ሺፍት» ለስምንት ሰከንድ ተጭኖ ከቆየም የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ጥያቄ ይወጣል። መጽሐፍ ወይም የውኃ ጠርሙስ ኪቦርዱ ላይ የሚያስደግፍ አቅራቢ በየጊዜው ያስነሣዋል። በ«አክሰሲቢሊቲ»፣ «ኪቦርድ» ውስጥ ገብተው የሁለቱንም አቋራጭ ያጥፉ።

ስለ ባትሪ መልእክት ያለኝ አስተያየት ከሌሎቹ ይለያል። በፓወር ፕላኑ ዝርዝር ውስጥ ባትሪ ሲያንስ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን አያጥፉት። ማስጠንቀቂያው ከመምጣቱ ይልቅ ላፕቶፑ በገለጻው መካከል ሳያስጠነቅቅ መዘጋቱ ይከፋል። ከዚያ ይልቅ ቻርጀሩ የተሰካበት ማከፋፈያ መብራቱ የበራ መሆኑን፣ ላፕቶፑም በእርግጥ ኃይል እየተቀበለ መሆኑን ከሰዓቱ አጠገብ ካለችው የባትሪ ምልክት ያረጋግጡ። ማከፋፈያው ጠረጴዛ ሥር ስለሚሆን ሰው በእግሩ ነክቶት ሲያጠፋው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መብራት የጠፋ እንደሆነም የራሱ ጣጣ አለው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል፤ ጄነሬተሩ ተነሥቶ ፕሮጀክተሩ እንደገና ሲበራ ዊንዶውስ አዲስ ስክሪን እንደተገናኘ ሊቆጥረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ስላይዱን ከመቀጠልዎ በፊት የዊንዶውስ ቁልፍና «ፒ»ን ተጭነው የነበረው ምርጫ እንዳለ መሆኑን ይመልከቱ። ወደነበሩበት ስላይድ ለመመለስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ ስላይዱን መርጠው «ሺፍት»ና «ኤፍ 5» ይጫኑ።

ለሌሎች መሣሪያዎች በአጭሩ

ማክ ላይ ከላይ በቀኝ ካለው «ኮንትሮል ሴንተር» ውስጥ «ፎከስ»ን ከፍተው «ዱ ኖት ዲስተርብ»ን ያብሩ። በማሳወቂያዎች ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ስክሪኑ ሲባዛ ወይም ለሌላ ሲጋራ ማሳወቂያ እንዲታይ የሚፈቅድ ማብሪያ አለ፤ እሱ መጥፋት አለበት። በሊብሬኦፊስ ኢምፕሬስ የሚያቀርቡ ከሆነ በ«ስላይድ ሾው» ማስተካከያ ውስጥ ገለጻው ሁልጊዜ ከሌሎች መስኮቶች በላይ እንዲሆን የሚያዝ ምልክት ታገኛላችሁ፤ አጥር ለሚዘሉት መስኮቶች ይጠቅማል። ዊንዶውስ 7 ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና «ኤክስ» ሲጫኑ በሚመጣው «ሞቢሊቲ ሴንተር» ውስጥ የገለጻ ማብሪያ ይኖራል። ከአዳራሹ ውጭ በዙም የሚከታተሉ ተሳታፊዎች ካሉ ደግሞ የዙም ስክሪን ማጋሪያ ማስተካከያ ውስጥ የኮምፒውተሩን ማሳወቂያዎች ዝም የሚያሰኝ ምልክት አለ።

ሰው ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ከስብሰባው ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ገመዱን ሰክተው ስላይዱን ከከፈቱ በኋላ አንድ ባልደረባ በቴሌግራምም፣ በኢሜይልም፣ ስልክዎ ከላፕቶፑ ጋር ከተገናኘ በአጭር መልእክትም እንዲልክልዎ ያድርጉ። ኢንተርኔቱን የማያቋርጡ ከሆነ ይህ ሙከራ ግዴታ ነው። ዓይንዎ ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይሁን። ከዚያ «ኢስኬፕ»ን ተጭነው ወደ ኤክሴል ይሻገሩ፣ እንደገና እንዲላክልዎ ያድርጉ። ገመዱን ነቅለው መልሰው ይስኩት፣ ሦስተኛ ጊዜ ይላክ። ፍላሽም ሰክተው ይዩ። ብዙ ሰው የሚሞክረው ስላይዱ ተከፍቶ ሳለ ብቻ ነው፤ የሚጋለጠው ግን ከስላይዱ ሲወጣ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መልእክት ቢወጣ ማውሱን ወደ እሱ አይውሰዱ። ማውስ የቆመበት ማሳወቂያ ጊዜው ቢያልፍም አይጠፋም፤ ቢነኩት ደግሞ ሙሉው መልእክት ተከፍቶ ግድግዳውን ይሞላል። በፓወርፖይንት ስላይድ ላይ ሳሉ «ቢ»ን ሲጫኑ ስላይዱ ጥቁር ይሆናል፤ ንግግርዎን ሳያቋርጡ ተሰብሳቢው ወደ እርስዎ እንዲመለከት ያድርጉና ነገሩ ሲያልፍ መልሰው «ቢ»ን ይጫኑ። ማሳወቂያው ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚቆይብዎ ከሆነ በ«አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ቪዡዋል ኢፌክትስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የቆይታው ጊዜ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ሊረዝም ስለሚችል ሰው ሳያውቀው ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ገለጻው ሲያልቅ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ገመዱ ይነቀላል፤ ቀጥሎ «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይከፈታል፤ ኢንተርኔቱ ይመለሳል፤ የአውትሉክ ማስታወሻ ምልክትም ተነሥቶ ከነበረ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላፕቶፑ የቢሮው የጋራ ከሆነ ይህን ሳያደርጉ አያስረክቡት፤ በማግሥቱ የሚረከበው ሰው የቀጠሮ ማስታወሻው ለምን ዝም እንዳለ አያውቅምና።